የፒንክ ፍሎይድን አልበሞች በወጉ ለማከራከር

ከእንግሊዙ የሮክ ባንድ ከፒንክ ፍሎይድ አልበሞች «አኒማልስ» ይበልጣል ወይስ «ዊሽ ዩ ዌር ሂር»? ጥያቄው ፒያሳ ካፌ ውስጥ ከተነሳ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላም ሁሉም የመጣበትን ሐሳብ ይዞ ይበተናል። አንዱ የሚያወራው በስልኩ ስለሰማው የኮንሰርት ቅጂ ነው። ሌላው ታላቅ ወንድሙ ስለተወለት ካሴት። ሦስተኛው አልበሙን ከዳር እስከ ዳር ሰምቶት አያውቅም፤ ሁለት ዘፈን ያውቃል፣ በእነሱ ይሟገታል። ሦስት ሰው፣ ሦስት የተለያየ ነገር።

ክርክሩ መልክ እንዲይዝ ሁለት ነገር ይበቃል። አንደኛ፣ ሁሉም በአንድ ክፍል ተቀምጦ ትክክለኛውን ቅጂ በእኩል የድምፅ መጠን ይስማ። ሁለተኛ፣ የሚናገር ሰው ሁሉ ለንግግሩ ምስክር ይጥራ። ሁለቱም ሲነገሩ ቀላል ናቸው፤ ሥራው ያለው ዝርዝሩ ላይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የትኛውን ከየትኛው?

በአንድ ቀን ከሁለት አልበም በላይ አታሰልፉ። «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን» 43 ደቂቃ፣ «ዊሽ ዩ ዌር ሂር» 44፣ «አኒማልስ» 42 ገደማ፣ «ዘ ዎል» 81። አራቱ ሲደመሩ ሦስት ሰዓት ተኩል ናቸው። ከሁለተኛው አልበም በኋላ ጆሮ ይደክማል፣ እጅ ወደ ስልክ ይሄዳል፣ አራተኛው አልበም ሳይሰማ ይፈረድበታል። ሁለት አልበም ግን ከነማረፊያው ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ ለሙግቱ አንድ ሰዓት ይተርፋል።

ከሁሉ የሚሻለው ጥንድ በመግቢያው ላይ የተጠቀሰው ነው። «ዊሽ ዩ ዌር ሂር» በመስከረም 1975፣ «አኒማልስ» በጥር 1977 ወጡ። በሁለቱም ላይ የባንዱ አባላት፣ ቤዝ ተጫዋቹ ዋተርስ፣ ጊታሪስቱ ጊልሞር፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ ራይትና ከበሮ መቺው ሜሰን፣ አራቱም አሉ። ከዚህ በላይ ደግሞ አልበሞቹ የአንድ ማሕፀን ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል። ባንዱ በ1974 መድረክ ላይ ሦስት አዳዲስ ረጃጅም ዘፈኖች ይጫወት ነበር። አንዱ «ሻይን ኦን ዩ ክሬዚ ዳይመንድ» ሆኖ ወደ 1975ቱ አልበም ገባ። ሁለቱ ቀሩ፤ ቆይተው ስማቸውና ግጥማቸው ተለውጦ «ዶግስ» እና «ሺፕ» ተብለው «አኒማልስ» ውስጥ ተገኙ። እንግዲህ ሙግቱ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ባንድ፣ ከአንድ ምንጭ በተቀዳ ሥራ መካከል ነው። ልዩነቱ ያለው በአሠራሩ ላይ ስለሆነ የሚያከራክር ነገር አይጠፋም።

በነገራችን ላይ «ዊሽ ዩ ዌር ሂር» እንግሊዝ ውስጥ የወጣበት መስከረም 12 ቀን 1975 በእኛ መስከረም 1 ቀን 1968 ዓ.ም. ነው፤ እንቁጣጣሽ ማለት ነው። ለፍርዱ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ግን አዲስ አበባ ውስጥ የዚህ አልበም ጠበቃ ሳይጠቅሰው አያልፍም።

ሁለተኛው ጥሩ ጥንድ «አተም ሃርት ማዘር» (1970) እና «ሜድል» (1971) ነው። በሁለቱም ላይ የሸክላውን አንድ ገጽ ሙሉ የሚይዝ ከ23 ደቂቃ በላይ የሆነ ሥራ አለ። በመጀመሪያው ላይ ኦርኬስትራና መዘምራን ተጨምረውበታል፤ በሁለተኛው ላይ አራቱ ብቻቸውን «ኤኮስ»ን ይሠራሉ። ባንድ ሲደመርበት ይሻላል ወይስ ሲቀነስለት? ጥያቄው ይኸው ነው። ለ«አተም ሃርት ማዘር» የሚቆመው ጠበቃ ማወቅ ያለበት ነገር፣ የባንዱ ሰዎች ራሳቸው በኋላ አልበሙን አጣጥለውታል፤ ተቃራኒው ወገን ይህን ማንሳቱ አይቀርም።

«ዘ ዎል» (1979) ከ«ዘ ፋይናል ከት» (1983) ጋር ይገጥማል፤ የሁለቱም ግጥም በዋተርስ እጅ ነው። ሰዓቱ ግን ከሁለት ሰዓት ያልፋልና ለረጅም እሑድ አቆዩት።

የማይገጥሙ አሉ። የ1967ቱን የመጀመሪያ አልበም ከ«ዘ ዲቪዥን ቤል» (1994) ጋር ማሰለፍ ከንቱ ነው። በመካከላቸው 27 ዓመት አለ፤ በሁለቱም ላይ የሚገኙት ራይትና ሜሰን ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው የባንዱ የመጀመሪያ መሪ የነበረው የሲድ ባሬት ነው፣ ሁለተኛው የጊልሞር።

«ዳርክ ሳይድ»ን መጀመሪያ ላይ አታምጡት። ከ1973 እስከ 1988 ድረስ 741 ሳምንት በአሜሪካ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ላይ የቆየ አልበም ገና ሳይከፈት ግማሹን ዳኛ ይማርካል። ሌሎቹ ተጣጥለው አሸናፊው ሲለይ የመጨረሻው ግጥሚያ ላይ አቅርቡት።

ቅጂው ትክክለኛ መሆኑን ማረጋገጥ

ፍላሽ ለፍላሽ ሲገለበጥ የኖረ ሙዚቃ ስሙ አንድ፣ ውስጡ ሌላ ሊሆን ይችላል። በብዛት የሚያሳስቱት እነዚህ ናቸው፦

- በ2001 የወጣው «ኤኮስ» የተባለው ስብስብ። በስሙ የተጠራው ዘፈን እዚያ ላይ ተቆርጧል፤ ከ23 ደቂቃ ተኩል ወደ 16 ተኩል ወርዷል። «ሻይን ኦን»ም እንዲሁ ተቆራርጧል።
- «ፓልስ» (1995)። «ዳርክ ሳይድ» ሙሉውን አለበት፣ ግን የመድረክ ቅጂ ነው።
- በ1981 የወጣ ስብስብ ላይ ያለው «መኒ»። ጊልሞር አብዛኛውን መሣሪያ ራሱ ይዞ እንደገና የቀረጸው ነው።
- ዋተርስ በ2023 ብቻውን እንደገና የሠራው «ዳርክ ሳይድ»። ይህ ሌላ አልበም ነው፤ ለዚህኛው ክርክር አይሆንም።
- በ2022 የወጣው የ«አኒማልስ» አዲስ ሚክስ፣ ማለትም የድሮው ቀረጻ ድምፆች እንደ አዲስ ተመጣጥነው የተዋሃዱበት። የሚናቅ አይደለም፤ ግን ከ1977ቱ ጋር ድምፁ አንድ አይደለም። የትኛው እንደሚሰማ አስቀድማችሁ ተስማሙ። በሽምግልና ካልሆነ በቀር የ1977ቱን ምረጡ፤ ሲከራከሩበት የኖሩት እሱን ነው።

ለማጣራት ርዝመቱን ተመልከቱ። «ዶግስ» 17 ደቂቃ፣ «ፒግስ» 11 ተኩል ገደማ፣ የ«ሻይን ኦን» የመጀመሪያ ክፍል 13 ተኩል ገደማ መሆን አለበት። ግማሽ ደቂቃ ካነሰ ወይም ከበዛ ፋይሉን ተጠራጠሩት።

ቀጥሎ ክፍተት። የእነዚህ አልበሞች ዘፈኖች ብዙ ጊዜ ሳይቋረጡ እርስ በርስ ይገባሉ። ኤምፒስሪ ፋይል ሲሠራ ከፊትና ከኋላ ትንሽ ዝምታ ይጨመርበታል፤ ማጫወቻው ያን ቆርጦ መጣል ካልቻለ በዘፈኖቹ መካከል እንቅ የሚል ክፍተት ይሰማል። መፈተኛው ቦታ «ዳርክ ሳይድ» መጨረሻ ላይ «ብሬን ዳሜጅ» ወደ «ኢክሊፕስ» የሚሻገርበት ነው። ከበሮው ሳይደናቀፍ ካለፈ ደህና ነው። ከተደናቀፈ ፍላክ የሚባለውን፣ ከድምፁ ምንም ሳይቀንስ የሚይዝ ፋይል ፈልጉ፣ ወይም አልበሙን በአንድ ፋይል የያዘ ቅጂ ተጠቀሙ። ክሮስፌድ የሚባለው፣ አንዱን ዘፈን በሌላው ላይ የሚያስገባው ቅንብር ይጥፋ። በኢንተርኔት የምታጫውቱ ከሆነ ሁለቱን አልበም ከዋዜማው አውርዳችሁ ያዙ፤ «ዶግስ» አሥረኛ ደቂቃ ላይ ኔትወርክ መጠበቅ የሚያሳዝን ነገር ነው።

ሸክላ ያለው ሰው ካለ እሰየው። ግን ማጫወቻውን ፈትሹት፣ በተለይ ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ከሆነ። እዚያ መብራቱ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ እዚህ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርደዋል፣ ኸርዙን ግን አይነካውም። ፍጥነቱን ከመብራቱ ኸርዝ የሚወስድ ሞተር ያለው ማጫወቻ በደቂቃ 33 ከሲሶ መዞር ሲገባው 28 እንኳ ሳይሞላ ይዞራል። ጊታሩ ይወፍራል፣ ዘፋኙ እንቅልፍ የመጣበት ይመስላል፣ 44 ደቂቃ የነበረው አልበም 53 ይፈጃል። በሰዓት መለካት ነው፤ አንዱ ሳይድ ከሚገባው በአራት ደቂቃ ከዘገየ ችግሩ ይኸው ነው። በዲሲ ሞተር የሚሠሩት ይህ ጣጣ የለባቸውም።

ድምፁን እኩል ማድረግ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ክፍል ብቻ የሚነበብ ከሆነ ይኸኛው ይሁን። ሁለት ሙዚቃ ሲወዳደር ትንሽ ጮክ ብሎ የተሰማው ያሸንፋል። ልዩነቱ አንድ ዴሲቤል ቢሆን ሰሚው «ይኼኛው ጮክ ይላል» አይልም፤ «ይኼኛው ይጠራል፣ ሕይወት አለው» ይላል። በተለያየ ጊዜ የታተሙ ቅጂዎች ደግሞ ጩኸታቸው ይለያያል፤ አዳዲሶቹ አብዛኛውን ጊዜ ይበረታሉ። ስለዚህ ሳይለካ የተደረገ ፍርድ ሁሉ ለቅጂው እንጂ ለአልበሙ አይደለም።

አለካኩ እንዲህ ነው። ስልክ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ጫኑ፤ ነጻ የሆኑት ይበቃሉ። ስልኩን መሀል ባለው መቀመጫ ላይ፣ በተደራረበ መጽሐፍ ከፍ አድርጋችሁ፣ በተቀማጭ ሰው ጆሮ ቁመት አስቀምጡት። ከዚያ በኋላ አይነካ። ከ«ዊሽ ዩ ዌር ሂር» «ሃቭ ኤ ሲጋር»ን፣ ባንዱ ሙሉ ከገባ በኋላ ያለውን አንድ ደቂቃ አጫውቱና አማካዩን ጻፉ። ከ«አኒማልስ» «ፒግስ»ን በተመሳሳይ። አማካዩ 75 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን፤ ሰው ሳይጮህ አጠገቡ ያለውን የሚያናግርበት፣ ግን ሙዚቃው የሚሞላበት ልክ ነው። የስልክ ማይክ ትክክለኛውን ቁጥር ላይሰጥ ይችላል፣ ግድ የለም፤ ለሁለቱም ያው ስልክ ባለበት ቦታ እስከሆነ ድረስ ልዩነቱን በደንብ ያሳያል። ልዩነቱ ከአንድ ዴሲቤል በታች እስኪወርድ የጮኸውን ቀንሱ። የሁለቱን የቮሊዩም ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ላፕቶፑ ላይ ለጥፉት፤ ለምሳሌ «ዊሽ 42፣ አኒማልስ 36»።

ልኬቱን አልበሙ መጀመሪያ ላይ አታድርጉ። «ሻይን ኦን» ከዝምታ ነው ቀስ እያለ የሚነሳው። «ዳርክ ሳይድ» ይብሳል፤ የሚጀምረው እምብዛም በማይሰማ የልብ ትርታ ነው። እዚህ ላይ «አይሰማም፣ ጨምሩት» የሚል ሰው አይጠፋም። የሰማው ሰው ከጨመረለት አራተኛው ዘፈን «ታይም» ሲጀምር፣ የድምፅ መሐንዲሱ አለን ፓርሰንስ ሰዓት መሸጫ ውስጥ የቀረጻቸው ደወሎች በአንዴ ሲጮሁ፣ ማኪያቶ ይደፋል። ቮሊዩሙን ከአከራካሪው በቀር ማንም አይንካ።

ማጫወቻ አፖች ድምፅን በራሳቸው የሚያስተካክሉበት ቅንብር አላቸው። እያንዳንዱን ዘፈን ለየብቻ እኩል የሚያደርገው ይጥፋ፤ ለስላሳውን ጎትቶ ከኃይለኛው ጋር ያስተካክለዋል፣ የአልበሙ ዳገትና ቁልቁለት ይጠፋል። ኢኮላይዘሩም ዜሮ ላይ ይቀመጥ። ሳሎን ያለው ሆም ቴአትር ከሆነ «ሰራውንድ» የሚለውን አጥፉና ከፊት ባሉት ሁለት ስፒከሮች ብቻ ስሙ፤ ሳብዉፈሩ መስኮት እስኪያንቀጠቅጥ አይጨመር።

አንድ ብሉቱዝ ስፒከር ለዚህ ሥራ አይሆንም። ፒንክ ፍሎይድ ከግራ ወደ ቀኝ በሚሄድ ድምፅ የሚጫወት ባንድ ነው፤ በአንድ ስፒከር ግራና ቀኙ ተደባልቆ ይወጣል። ሁለት ስፒከር ሁለት ሜትር ተራርቀው፣ ከግድግዳው 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጥተው፣ ከጆሮ ቁመት ጋር ይቀመጡ። የመሀሉ ሰሚም ከሁለቱም ሁለት ሜትር ይራቅ። ለመፈተሽ «ኦን ዘ ረን»ን ክፈቱ፤ የሚሮጠው ሰው እግር ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ካልተሻገረ የሆነ ነገር አለ። ባሱ ከጠፋና የዘፋኙ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ካልታወቀ ደግሞ የአንዱ ስፒከር ቀይና ጥቁር ገመድ ተገልብጦ ገብቷል ማለት ነው፤ አቀያይሩት።

ቦታና ሰዓት

ካፌ ለወሬ እንጂ ለመስማት አይሆንም። የቡናው ማሽን እንፋሎት በለቀቀ ቁጥር «ሻይን ኦን» መክፈቻ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ይሸፈናል። ምንጣፍ፣ መጋረጃና ሶፋ ያለው ሳሎን ይሻላል፤ ባዶ ሴራሚክ ወለል ድምፁን ያንጫጫዋል። ክረምት ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አትቀጣጠሩ። ሐምሌ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲወርድ ከ75 ዴሲቤል ሙዚቃ የሚሰማው ከበሮው ብቻ ነው።

አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ እሑድ ጠዋት ቅዳሴና ስብከቱ በድምፅ ማጉያ ይሰማል፤ ስለዚህ ከ8 ሰዓት በኋላ ይሁን። አዛን የሚሰማበት ሰፈር ከሆነ የዕለቱን የዓስር ሰላት ሰዓት አይታችሁ ማረፊያውን እዚያ ላይ አውሉት። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ መኖር አለመኖሩንም ሳታዩ ቀን አትቁረጡ፤ ግማሹ ዳኛ ሁለተኛው አልበም ላይ ጫማውን ያጠልቃል።

መብራት ቢሄድስ? ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ስፒከሮቹ ግን ይጠፋሉ። መብራቱ ሲመለስ ከተቋረጠበት ሴኮንድ አትቀጥሉ፤ የተቋረጠውን ሳይድ ከመጀመሪያው አስጀምሩት። የ«ሻይን ኦን» አራት ኖታ ጉልበት የሚያገኘው ከፊቱ ካለው የአራት ደቂቃ ጥበቃ ነው፤ ጥበቃው ከተቆረጠ ኖታው ተራ ነው። መብራቱ እንደመጣ ደግሞ ወዲያው አትሰኩ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ስታቢላይዘር ካለ ከዲቫይደሩ በፊት ይግባ።

ተጠየቅ!

የሙግቱን ሥርዓት ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። የድሮው የበላ ልበልሃ ችሎት ሁሉ ነገር አለው፦ ዳኛ፣ ተሟጋች፣ ምስክር፣ ውርርድ። ውርርዱ በበቅሎ ወይም በማር መሆኑ ቀርቶ በማኪያቶ ይሁን፤ የቀረው እንዳለ ይሠራል።

ከአምስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል። አንዱ አከራካሪ ነው፤ ሰዓት ይይዛል፣ ሙዚቃውን ያጫውታል፣ ፍርድ አይሰጥም። ለእያንዳንዱ አልበም አንድ ጠበቃ ይቆማል። ጠበቃው በዕጣ ይመረጥ። የሚወደውን አልበም የያዘ ሰው ያዜማል እንጂ አይከራከርም፤ የማይወደውን የያዘ ግን ከቤቱ ተዘጋጅቶ ይመጣል። የትኛው አልበም ቀድሞ እንደሚሰማም ሳንቲም ተጥሎ ይወሰን።

ከመስማት በፊት ጠበቃው የእያንዳንዱን ዘፈን ሐሳብ በአማርኛ በሁለት በሦስት ዓረፍተ ነገር ይናገር። እንግሊዝኛው ለሁሉም በጆሮ የሚያዝ አይደለም፤ ግጥሙን ያልያዘ ሰው «አኒማልስ»ን የጊታር አልበም ብቻ አድርጎ ይሰማዋል። ትርጉም ፍለጋው ግን ልክ ይኑረው። ሰምና ወርቅ የለመደ ሰው እያንዳንዱ ቃል ሥር ወርቅ ይቆፍራል፤ «ሻይን ኦን» ስለ ሲድ ባሬት መሆኑ የታወቀ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ምስክር የሌለው ሰው አያንሳው።

አልበሙ ሲሰማ ወሬ የለም፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ። ሁለቱም ከተሰሙ በኋላ፣ ማንም አፉን ሳይከፍት፣ ሁሉም የሚመርጠውን አልበም ስም ጽፎ ያጥፍና ለአከራካሪው ይስጥ። ይህ የመጀመሪያው ድምፅ ነው። (ድምፅ የሚለው ቃል ለሁለቱም መሆኑ ቀኑን ሙሉ ያሳስቃል፤ ልመዱት።) ከዚያ እያንዳንዱ ጠበቃ ሰባት ሰባት ደቂቃ ይናገራል፣ ሦስት ሦስት ደቂቃ መልስ ይሰጣል። ለእያንዳንዱ ሦስት ምስክር ይፈቀዳል። ምስክር ማለት የዘፈኑ ስም፣ ደቂቃውና ሴኮንዱ ነው። አከራካሪው ከተጠራበት ቦታ ከ90 ሴኮንድ ሳያስበልጥ፣ በዚያው በተለጠፈው ቮሊዩም ያጫውታል። ደቂቃውን መጥራት ያልቻለ ጠበቃ ምስክሩ ውድቅ ነው።

ጥሩ ምስክር ምን ይመስላል? የ«ዊሽ ዩ ዌር ሂር» ጠበቃ «ይህ ባንድ በዝምታ ይጫወታል» ቢል፣ ምስክሩ «ሻይን ኦን» አራተኛው ደቂቃ ሊሞላ ሲል ብቻዋን የምትመጣዋ የጊታር አራት ኖታ ናት። ጊልሞር ይመታታል፣ ይተዋታል፣ አየር ላይ እስክታልቅ ይጠብቃል፣ ይደግማታል። ከበሮው እስኪገባ ድረስ ሳሎኑ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው ካለ ጠበቃው ዕድለ ቢስ ነው።

የ«አኒማልስ» ጠበቃ ወደ «ዶግስ» መሀል ይሂድ። «ድንጋይ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ተደጋግሞ እያስተጋባ፣ ከቃልነት ወጥቶ እንደ ሌላ መሣሪያ ሆኖ ሥር ሥሩን ሲቀጥል፣ በቮኮደር (ድምፅን ከሲንተሳይዘር ጋር በሚያዋህድ መሣሪያ) ያለፈ የውሻ ጩኸት በላዩ ይመጣል። «ትርጉሙ ወደ ድምፅ ሲለወጥ ስሙ» ብሎ ማስከፈት ሰባት ደቂቃ ከመናገር ይበልጣል።

ተቃራኒው ወገን አንድ ጠንካራ ነጥብ አለው፦ «አኒማልስ» ላይ ሪቻርድ ራይት በደራሲነት የተጻፈበት አንድም ዘፈን የለም፤ ከ«ዶግስ» በቀር ሁሉም የዋተርስ ብቻ ነው፣ «ዶግስ» የእሱና የጊልሞር። «ዊሽ ዩ ዌር ሂር» ላይ ግን የ«ሻይን ኦን» መዝጊያ ክፍል የራይት ነው። «አኒማልስ የተሰበረ ባንድ ነው» የሚለው ክስ እዚህ ላይ ይቆማል። መልሱ ደግሞ «ሺፕ» መክፈቻ ላይ አለ፤ ያ የኤሌክትሪክ ፒያኖ የራይት ጣት ነው፣ ስሙ ባይጻፍም። መልስ ሰጪው ከዚያው ምስክር ሳይወጣ «ታዲያ ለምን አልተጻፈለትም?» ይባላል፣ ክርክሩም ይሞቃል።

ስለ «ሺፕ» አከራካሪው አስቀድሞ ያሳስብ። መሀሉ ላይ ቮኮደር የገባበት ድምፅ የዳዊትን መዝሙር፣ በአንዱ አቆጣጠር 22 በሌላው 23 የሆነውን፣ እያጣመመ ይደግማል። መዝሙሩን ከልጅነቱ በቃሉ የሚያውቅ ሰው በሞላበት ሳሎን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሳይነገረው የሰማ ሰው ከዚያ በኋላ ያለውን ሙዚቃ አይሰማውም። ቀድሞ ከተነገረ ግን ጥሩ መከራከሪያ ይወጣዋል፦ ዘፋኙ የሚሳለቀው በመዝሙሩ ነው ወይስ መዝሙሩን ይዘው በጎቹን በሚያርዱት?

ምስክር መስለው የሚያሳስቱ ቦታዎችም አሉ። «ሃቭ ኤ ሲጋር» ሲያልቅ ድምፁ በአንዴ ይቀጥናል፣ ሬዲዮ ጣቢያ ይቀያየራል፣ ከዚያ ቀጭን ጊታር ከሩቅ ይሰማል። ገመዱን ሊያነካካ የሚነሳ ሰው አይጠፋም። አስቀምጡት፤ ከጊልሞር መኪና ሬዲዮ የተቀዳ ነው፣ ሆን ተብሎ ነው። ያንኑ «ሃቭ ኤ ሲጋር» ይዞ የዋተርስን ወይም የጊልሞርን አዘፋፈን የሚያደንቅ ጠበቃ ካለ ደግሞ ምስክሩ ከራሱ ላይ ይዞራል፤ የዘፈነው ሮይ ሃርፐር ነው፣ ከባንዱ ውጭ የመጣ ሰው።

«ዳርክ ሳይድ» የመጨረሻው ግጥሚያ ላይ ሲደርስ «መኒ» መጠራቱ አይቀርም። «ምቱ እንግዳ ነው» ማለት አይበቃም፤ ማስጨብጨብ ነው። የሳንቲሙና የገንዘብ መቀበያው ድምፅ ሰባት ምት ይዞ ይዞራል። ሁሉም ከአንድ እስከ ሰባት እየቆጠረ አንድ ላይ ብቻ ያጨብጭብ። ችክችካን በስድስት የለመደ እጅ ከስድስት ቀጥሎ ማጨብጨብ ያምረዋል፤ ያቺ የተረፈችዋ አንድ ምት ናት ዘፈኑን አንካሳ አድርጋ የምታስኬደው። የዲክ ፓሪ ሳክስፎን በሰባቱ ላይ ይጫወታል። የጊልሞር ጊታር ሲገባ ምቱ ወደ አራት ይለወጣል፤ ቆጠራው የሚፈርስበትን ቅጽበት ሁሉም በእጁ ያገኘዋል። ዘፈኑን ለሃያ ዓመት ሲሰማ የኖረ ሰው ይህን ካላስተዋለ አይፈረድበትም፣ ግን ከዚያ ወዲያ በሌላ ጆሮ ነው የሚሰማው።

የተከለከሉ ክርክሮች ይኑሩ። የሽያጭ ቁጥር አይነሳ። ዋተርስና ጊልሞር ከተለያዩ በኋላ የተባባሉት አይነሳ፤ አንዴ ከገባ አይወጣም። «ድሮ ስሰማው» የሚል ትዝታም እንዲሁ፤ ስለ ሰሚው ይናገራል፣ ስለ አልበሙ ዝም ይላል።

ፍርዱ

ከአሥር ነጥብ መስጠት አይሠራም። ሁሉም ስምንት ይሰጣል፣ አንድ ሰው ለማስመረር ሦስት ይሰጣል፣ የሁሉም ፍርድ በዚያ ሰው እጅ ይወድቃል። ጥያቄው አንድ ይሁን፦ ከሁለቱ አንዱ ለዘላለም ቢጠፋ የትኛው ይትረፍ? ከሙግቱ በኋላ ሁሉም እንደገና ጽፎ ያጥፋል። አከራካሪው የፊቱንና የኋላውን ወረቀት ጎን ለጎን ይዘረጋል። ብዙ ድምፅ ያገኘው አልበም አሸነፈ። ብዙ ሰው ከሌላው ወገን ያስመጣው ጠበቃ ደግሞ ለብቻው አሸነፈ፤ አልበሙ ተሸንፎ ጠበቃው ሊያሸንፍ ይችላል፣ ውርርዱም ለእሱ ነው። የተሸነፈው ጠበቃ የሁሉንም ማኪያቶ ይከፍላል።

አርፍዶ የመጣና አንዱን ሳይድ ያልሰማ ሰው ማኪያቶ ይጠጣል፣ ድምፅ አይሰጥም።

እኩል ለእኩል ከወጣ አከራካሪው አይፍረድ። ሌላ ቀን ተቀጣጠሩና ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፤ መጀመሪያ የተሰማው ሁለተኛ ይሁን፣ ጠበቆቹም አልበም ይቀያየሩ። ልኬቱን ግን እንደ አዲስ ውሰዱ፤ አንድ ሶፋ ቦታውን ከለወጠ ላፕቶፑ ላይ የተለጠፈው ቁጥር አይሠራም።